77 ለ 6፦ ሊንከን የግዛት ምክር ቤት አባል በነበረ ጊዜ

ስልካችሁን አውጥታችሁ «አብርሃም ሊንከን» ብላችሁ ብትፈልጉ ቀድሞ የሚመጣላችሁን ፎቶ ከወዲሁ ልነግራችሁ እችላለሁ። ጢሙን ያሳደገ፣ ጉንጩ የጎደጎደ፣ ዓይኑ የደከመው፣ ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው ነው። የአሜሪካ 16ኛው ፕሬዚዳንት። አገሩን በእርስ በርስ ጦርነት መሐል ይዞ ያሻገረ፣ ባርነት እንዲቀር ያደረገ፣ በመጨረሻም ቲያትር እያየ በጥይት የተመታ ሰው። አብዛኞቻችን የምናውቀው ሊንከን ይኸው ነው።

እኔ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሌላኛው ሊንከን ነው። ጢም ስላልነበረው፣ ዕዳ ስለተቆለለበት፣ ተበድሮ በገዛው ሙሉ ልብስ ፖለቲካ ስለጀመረው ወጣት። ይህ ወጣት በኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት (በእኛ አነጋገር የክልል ምክር ቤት እንደማለት ነው) በተከታታይ 4 ጊዜ ተመርጦ ከ1834 እስከ 1842 አገልግሏል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስምንት ዓመት ማለት እኮ ፕሬዚዳንት ሆኖ ከቆየበት ጊዜ እጥፍ ያህል ነው። ሆኖም ይህን ዘመኑን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው።

እኔን ግን ከፕሬዚዳንቱ ይልቅ የሚስበኝ ይኼኛው ነው። እዚህ ሐውልት የለም፤ ሰው ነው ያለው። ድምፅ የሚለዋወጥ፣ ግዛቱን ዕዳ ውስጥ የሚከት፣ በመስኮት የሚዘል ሰው። ደግሞም ሁሉም በአንድ ወገን ሲቆም እምቢ የሚል ሰው። ገና ጎረምሳ ስለሆነ «እሱ» እያልኩ ነው የማወራላችሁ። አንቱታው ሲደርስ ይደርሳል።

ሊንከን የተወለደው በፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809 በኬንታኪ፣ ከግንድ በተሠራች ባለ አንድ ክፍል ጎጆ ውስጥ ነው። ቤተሰቡ በ1816 ወደ ኢንዲያና ሄደ። እናቱ በ1818 ስትሞት እሱ የ9 ዓመት ልጅ ነበር። ትምህርት ቤት የገባባቸው ቀናት ሁሉ ቢደመሩ አንድ ዓመት አይሞሉም። የቀረውን መጽሐፍ እየተዋሰ ለብቻው ነው የተማረው። አባቱ ገና በልጅነቱ መጥረቢያ አስጨበጠው፤ ለጎረቤትም በቀን ሥራ ያሰማራው ነበር።

በ1830 ቤተሰቡ ወደ ኢሊኖይ ተሻገረ። በቀጣዩ ዓመት ሊንከን ከቤት ወጥቶ በሳንጋሞን ወንዝ ዳር ያለች ኒው ሳሌም የምትባል ትንሽ መንደር ገባና የሱቅ ሠራተኛ ሆነ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ሳንቲ ሜትር ነው። ቀልድ ያውቃል፣ ትግል ይችላል፣ ያገኘውን ሁሉ ያነባል። መንደርተኛው ወደደው።

ኒው ሳሌም ከገባ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በማርች 1832፣ በ23 ዓመቱ፣ ለግዛቱ ምክር ቤት እወዳደራለሁ ብሎ በጋዜጣ አስታወቀ። እስቲ አስቡት፤ ገንዘብ የለው፣ ዘመድ የለው፣ የትምህርት ማስረጃ የለው። የያዘው ሐሳብ ግን የአካባቢው ሰው የሚገባው ነበር። ወንዙ ይጠረግና ጀልባ ይለፍበት፣ ትምህርት ለሁሉም ይዳረስ፣ አራጣ በሕግ ይገደብ የሚል ነው።

ቅስቀሳውን በቅጡ ሳይጀምር ብላክ ሀውክ ከተባለው የነባሮቹ ሕዝቦች መሪ ጋር ጦርነት ተነሣ። ሊንከንም ዘመተ፤ አብረውት የዘመቱት ልጆች አለቃችን ሁን ብለው መረጡት። ውጊያ ግን አላየም። ሲመለስ ምርጫው ሊደርስ የቀረው ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ነበር። 13 ሰው ለ4 መቀመጫ ተወዳድሮ እሱ 8ኛ ወጣ። ተሸነፈ ማለት ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ የምወዳት ቁጥር አለች። በራሱ መንደር ድምፅ ከሰጡት 300 ሰዎች 277ቱ መርጠውታል። ያኔ በኢሊኖይ ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር አልነበረም፤ መራጩ ጸሐፊው ፊት ቆሞ የሚመርጠውን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይናገራል። እንግዲህ 277 ሰው በአደባባይ ስሙን ጠራለት። የሚያውቁት መረጡት፣ የማያውቁት አልመረጡትም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሊንከን በቀጥታ የሕዝብ ድምፅ የተሸነፈውም በሕይወቱ ይህችን አንዴ ብቻ ነው።

ከሽንፈቱ በኋላ የባሰ ነገር መጣ። ከአንድ ሸሪኩ ጋር በዱቤ የገዙት ሱቅ ከሰረ። ሸሪኩ ሲሞት ዕዳው ሁሉ እሱ ላይ ወደቀ፤ 1,100 ዶላር ገደማ። ለዚያ ዘመን ሰው ይህ የዓመታት ገቢ ነው። እሱ ራሱ እየቀለደ «ብሔራዊ ዕዳዬ» ይለው ነበር ይባላል። ለመኖር የመንደሩ ፖስታ ቤት ኃላፊ ሆነ፤ ደብዳቤዎችን ባርኔጣው ውስጥ ይዞ እየዞረ ያድል ነበር። ቀጥሎ የመሬት ቅየሳ ከመጽሐፍ ተምሮ ቀያሽ ሆነ። አንድ አበዳሪ ከስሶት ፈረሱና የቅየሳ ዕቃው በሐራጅ ሲሸጥ አንድ ጎረቤቱ ገዝቶ መልሶ ሰጠው።

እነዚህ ሁለት ሥራዎች ግን ሳያስበው ትልቅ ነገር ሠሩለት። ፖስታ የሚያድልና መሬት የሚለካ ሰው የማይገባበት ቤት የለም። በ1834 እንደገና ሲወዳደር በሁለተኛነት ተመረጠ። የ25 ዓመቱ ወጣት የምክር ቤት አባል ሆነ።

ሆነ እንጂ የሚለብሰው አልነበረውም። ከአንድ ባለጸጋ ገበሬ 200 ዶላር ተበደረና በ60ው ሙሉ ልብስ ገዛ። የአባላቱ አበል በቀን 3 ዶላር ነበር። በሌላ አነጋገር ልብሱ የ20 ቀን አበሉን በላ። በኖቬምበር መጨረሻ በሠረገላ ተሳፍሮ የያኔዋ ዋና ከተማ ቫንዳሊያ ገባ። አትደናገጡ፤ ዋና ከተማ ተባለች እንጂ ጥቂት መቶ ሰዎች የሚኖሩባት ትንሽ ከተማ ነበረች።

የመጀመሪያውን ጉባኤ በአብዛኛው ሲያዳምጥ ነው ያሳለፈው። ጆን ቶድ ስቱዋርት የሚባል ጠበቃ፣ የዊግ ፓርቲ ባልደረባው፣ አንድ ክፍል ውስጥ አብሮት ያድር ነበር። ሕግ አጥና ብሎ ያበረታታውና መጽሐፍ ያዋሰው እሱ ነው። ሌሎች አባላትም የሕግ ረቂቅ ጻፍልን እያሉ ይመጡበት ጀመር። በ1836 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ። በዚያው ዓመት ለሁለተኛ ጊዜ ሲወዳደር በጋዜጣ ያወጣው አቋም ግብር የሚከፍሉ ወይም ጦር የሚዘምቱ ነጮች ሁሉ፣ ሴቶችም ጭምር፣ ድምፅ ይኑራቸው የሚል ነበር። ሴቶችን መጨመሩ ለዘመኑ ድፍረት ነው። ጥቁሮችን ማስቀረቱ ደግሞ የዘመኑ ልጅ እንደነበር ይነግረናል። ሁለቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነበሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ለእኔ የሊንከን የምክር ቤት ዘመን ተጨምቆ ያለው ከጃንዋሪ እስከ ማርች 1837 ባሉት ሳምንታት ውስጥ ነው።

በዚያ ጉባኤ የሳንጋሞን ካውንቲ 9 ተወካዮች ነበሩት፤ 2 በሴኔት፣ 7 በታችኛው ምክር ቤት። ሁሉም ረጃጅሞች ስለነበሩ «ረጃጅሞቹ ዘጠኝ» ተባሉ። ከሁሉም የሚረዝመው ሊንከን ነው። የመጡበት ዓላማ አንድ ነው፤ ዋና ከተማዋ ከቫንዳሊያ ተነሥታ ወደ እነሱ ስፕሪንግፊልድ እንድትዛወር። የቫንዳሊያ ሰዎች ይህ እንዳይሆን ብለው ተጣድፈው አዲስ የምክር ቤት ሕንፃ ሠርተው ነበር። ሕንፃው ዛሬም ቆሟል።

በዚያው ሰሞን ምክር ቤቱን ሌላ ትልቅ ሕልም ይዞት ነበር፤ ግዛቱን በሙሉ በባቡር ሐዲድና በቦይ ማገናኘት። ሊንከን ይህን ሕልም ከልቡ ያምንበታል። የኢሪ ቦይን ያስቆፈረው የኒው ዮርኩ ገዥ ዴዊት ክሊንተን ለግዛቱ የሠራውን ያህል እኔም ለኢሊኖይ መሥራት እፈልጋለሁ ብሎ ለወዳጁ ለጆሹዋ ስፒድ ነግሮታል። በፌብሩዋሪ 27 ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚፈጅ ዕቅድ ጸደቀ። ገንዘቡ ግን በእጅ የለም፤ የሚመጣው በብድር ነው። ሐዲድም ቦይም የማይደርሳቸው ካውንቲዎች እንዳያኮርፉ 200,000 ዶላር ተመደበላቸው። ሁሉም የድርሻውን ያዘ፣ ሁሉም እጁን አወጣ።

በማግስቱ፣ ፌብሩዋሪ 28፣ ስለ ዋና ከተማዋ ድምፅ ተሰጠ። በአራተኛው ዙር ስፕሪንግፊልድ 73 ድምፅ አግኝታ አሸነፈች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉ የለ? ዘጠኙ ረጃጅሞች በሳምንታት ልመናና ድርድር ያንን አደረጉ። የቫንዳሊያው ተወካይ ዊልያም ሊ ዲ ኢዊንግ በኋላ የስፕሪንግፊልድን ሰዎች በማጭበርበር ከሰሳቸው፤ ሊንከንም በቁጣ መለሰለት። ነገሩ ወደ ጠብ ሊያመራ ምንም አልቀረውም ነበር።

እስካሁን የነገርኳችሁ ጎበዝ ፖለቲከኛ ነው። ጎበዝ ፖለቲከኛ ደግሞ የትም አለ። ሌላው ነገር የሆነው ከዚህ ቀደም ብሎ በጃንዋሪ ነው።

የደቡብ ግዛቶች ባርነት ይቅር የሚሉ ማኅበራትን አውግዙልን ብለው ለሰሜን ግዛቶች ጽፈው ነበር። ኢሊኖይ በሕግ የሰሜን ነፃ ግዛት ትባል እንጂ ብዙ ነዋሪዎቿ ከደቡብ የመጡ ናቸው። በዚያ ጊዜ በኢሊኖይ ጥቁር ሰው ድምፅ አይሰጥም፤ በነጭ ላይም ፍርድ ቤት ቀርቦ መመስከር አይችልም። ምክር ቤቱ እነዚያን ማኅበራት የሚያወግዝና በደቡብ ግዛቶች የባሪያ ባለቤትነት በሕገ መንግሥት የተጠበቀ መብት ነው የሚል የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ። ታችኛው ምክር ቤት ድምፅ ሲሰጥ ውጤቱ 77 ለ 6 ሆነ። ሴኔት ውስጥ አንድም የተቃወመ የለም።

ከስድስቱ እምቢ ባዮች አንዱ ሊንከን ነበር። 27 ዓመቱ ነው።

በማርች 3፣ የዋና ከተማዋ ጉዳይ ካለቀ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሊንከንና የካውንቲው ባልደረባ ዳን ስቶን የጽሑፍ ተቃውሞ አቅርበው በቃለ ጉባኤው ላይ አስመዘገቡ። ባርነት በፍትሕ ማጣት ላይ የቆመና መጥፎ ፖሊሲ ነው አሉ። ወዲያው ግን፣ ባርነት ይቅር የሚሉት ሰዎች ቅስቀሳ ነገሩን ያብሰዋል እንጂ አያሻሽለውም አሉ። የፌዴራሉ ምክር ቤት በግዛቶች ውስጥ ባለው ባርነት ጣልቃ ሊገባ አይችልም፤ በዋሽንግተን ዲሲ ሥልጣኑ ቢኖረውም ነዋሪው ካልጠየቀ ሊጠቀምበት አይገባም አሉ።

ዛሬ ላይ ሆነን ስናነበው ጽሑፉ ፈራ ተባ የሚል ይመስላል። እኔም በመጀመሪያ ያሰብኩት እንደዚያ ነው። ደግሞስ ለምን ስድስት ሳምንት ቆየ? የስፕሪንግፊልድ ድምፅ እንዳይበላሽበት ብሎ እንደጠበቀ መገመት አይከብድም። ስሌት አለበት። ቢሆንም ሌላውን ወገን እዩት። ዳን ስቶን ምክር ቤቱን ለቆ ዳኛ ሊሆን ነው፤ ተመልሶ የሕዝብ ድምፅ አይለምንም። ከሁለቱ ፈራሚዎች ወደ መራጩ የሚመለሰው ሊንከን ብቻ ነበር። ያንን ወረቀት ባይጽፍ ማንም ለምን አልጻፍክም አይለውም። ሲጽፍም አንድ ድምፅ አያተርፍም። ጻፈው።

ኢሊኖይ ያኔ ምን ዓይነት ቦታ እንደነበረች ለማወቅ ስምንት ወር ወደፊት መሄድ ይበቃል። በኖቬምበር 7 ቀን 1837፣ በዚያችው ግዛት ኦልተን በምትባል ከተማ፣ ባርነትን የሚቃወም ጋዜጣ ያሳትም የነበረው ኤላይጃ ላቭጆይ ማተሚያውን ሲከላከል በመንጋ ተገደለ። ሊንከን ከሦስት ወር ላነሰ ጊዜ ቆይቶ፣ በጃንዋሪ 1838፣ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ለወጣቶች ማኅበር ባደረገው ንግግር ሕግን ትቶ የሚፈርድ መንጋ አገሩን እንደሚያፈርስ አስጠነቀቀ።

እዚህ ላይ ብናቆም ሊንከን በጣም ያምራል። ታሪኩ ግን አላቆመም።

በሜይ 1837 ባንኮች ተናጉ፤ የአሜሪካ ኢኮኖሚ ወደቀ። የኢሊኖይ የሐዲድ ሕልም ግን በብድር ቀጠለ። ሊንከን ዕቅዱ እንዳይቋረጥ ከሚከራከሩት ዋነኛው ነበር። በ1839 ግዛቱ የፌዴራሉን መሬት በሄክታር ሳይሆን በእነሱ መለኪያ በኤከር 25 ሳንቲም ገዝቶ በ1 ዶላር ከ25 ይሽጥና ወጪውን ይሸፍን የሚል ሐሳብ አመጣ። ምንም አልወጣውም። በ1842 የግዛቱ ዕዳ ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ወለዱን መክፈል አቅቶት ነበር። ግዛቱ በ1840 የነበረው ሕዝብ ግማሽ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ከዚያ ሁሉ ሐዲድ ተሠርቶ ሥራ የጀመረው ወደ ስፕሪንግፊልድ የሚወስደው አንድ መስመር ብቻ ነው። እሱም በ1847 በሐራጅ ሲወጣ 21,100 ዶላር ብቻ አወጣ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው ሊንከን ከሞተ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ከፋዩም ግብር ከፋዩ ገበሬ ነው።

ይህን ማለፍ አልፈልግም። ስለ ታላላቅ ሰዎች ስንጽፍ ያጠፉትን በአንድ መስመር የማለፍ ልማድ አለን። የዚያን ጊዜ የሊንከን ድምፅ በሰዎች ኪስና ማሳ ላይ ያረፈ ነበር።

ከዕዳው ጋር የግዛቱ ባንክም ተንገዳገደ፤ ከዚያም የሚያስቅ ነገር ተፈጠረ። በዲሴምበር 1840 ዴሞክራቶች ጉባኤውን ለመዝጋት ፈለጉ፤ ጉባኤው ከተዘጋ ባንኩ ወረቀት ገንዘቡን በወርቅና በብር መመንዘር ይገደዳል። የባንኩ ደጋፊዎች ዊጎች ምልዓተ ጉባኤ እንዳይሞላ ጥለው ወጡ። ሊንከንና ሁለት ጓደኞቹ ብቻ ሁኔታውን ለመከታተል ቀሩ። ድንገት ሲቆጠር ምልዓተ ጉባኤው ሞልቶ ተገኘ፤ በሩም ተዘግቷል። ሦስቱ በመስኮት ዘለሉ። ምንም አልጠቀማቸውም፤ ቀድመው ተቆጥረዋል። የዴሞክራቶች ጋዜጣ ሊንከን ምን ችግር አለበት፣ እግሩ ከመስኮቱ እስከ መሬት ይደርሳል እያለ አላገጠበት። ያኔ ስልክና ቪዲዮ ቢኖር ምን ሊሆን እንደሚችል እናንተው ገምቱት።

በ1838 እና በ1840 ፓርቲው ለአፈ ጉባኤነት አቅርቦት ሁለቱንም ጊዜ በዚያው በኢዊንግ ተሸነፈ። በ1840 ምርጫ ለአራተኛ ጊዜ ቢመረጥም ከካውንቲው ተመራጮች ትንሹን ድምፅ ያገኘው እሱ ነበር። በዚያው ዓመት በፕሬዚዳንታዊው ቅስቀሳ ላይ ማርቲን ቫን ቢዩረን ድሮ በኒው ዮርክ ነፃ ጥቁሮች ድምፅ እንዲሰጡ ደግፏል እያለ አጥቅቶታል። የ1837ቱን ተቃውሞ የጻፈውና ይህን የተናገረው አንድ ሰው ነው። በቀላሉ አይታረቁም፤ እኔም ላስታርቃቸው አልሞክርም።

በ1842 ባንኩ ወደቀ። የግዛቱ ኦዲተር ጄምስ ሺልድስ ግብር በባንኩ ወረቀት አንቀበልም፣ በወርቅና በብር ክፈሉ አለ። ሊንከን በዛሬ ቋንቋ ፌክ አካውንት ከፈተ እንበል፤ የገጠር ሴት መስሎ ሺልድስን የሚያላግጥ ደብዳቤ በጋዜጣ አወጣ። ሺልድስ ጸሐፊው ማን እንደሆነ ሲያውቅ በጦር መሣሪያ እንግጠም ብሎ ጠራው። ሊንከን መሣሪያ የመምረጥ መብት ስለነበረው ትልልቅ ሰይፍ መረጠ፤ ክንዱ ረጅም ነዋ። በሴፕቴምበር 22 በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ባለች ደሴት ተገናኙ፤ ወዳጆቻቸው መሐል ገብተው አስታረቋቸው። ሊንከን በኋላ ይህ ነገር ሲነሳበት ደስ አይለውም ነበር።

በዚያው ዓመት አልተወዳደረም። ሜሪ ቶድን አገባ፣ ወደ ጥብቅናው ተመለሰ። ከ1847 እስከ 1849 ለአንድ ዘመን በዋሽንግተን የፌዴራሉ ምክር ቤት አባል ሆኖ ወደ ስፕሪንግፊልድ ተመለሰ። ፖለቲካው ያበቃ መሰለ።

ከዚያ 1854 መጣ። ባርነት ወደ አዳዲሶቹ የምዕራብ አገሮች እንዲገባ በር የሚከፍት ሕግ ወጣ፤ የሕጉ አባት ስቲቨን ዳግላስ ነው። ዳግላስ በ1837 ከሊንከን ጋር በአንድ አዳራሽ የተቀመጠ የኢሊኖይ ምክር ቤት አባል ነበር። ሊንከን ተመልሶ ገባ። ለግዛቱ ምክር ቤት ለአምስተኛ ጊዜ ተመረጠ፤ ግን አልተቀመጠበትም። ያኔ ሴናተሮችን የሚመርጠው የግዛቱ ምክር ቤት ስለነበር፣ አባል የሆነ ሰው ደግሞ ለሴኔት መመረጥ ስለማይችል፣ ወንበሩን ለቀቀ። ለማሟያ በተደረገው ምርጫ ወንበሩን ዴሞክራቶች ወሰዱት።

በፌብሩዋሪ 1855 ምርጫው ሲካሄድ ሊንከን በመጀመሪያው ዙር ከሁሉም በላይ ድምፅ አገኘ። ወንበሩን ይዞ የነበረው ሴናተር ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው ሺልድስ። ሦስተኛው ሰው ላይመን ትረምቡል የነበረው 5 ድምፅ ብቻ ነው። እነዚያ አምስቱ ግን ወይ ፍንክች አሉ። ዙሩ ሲደጋገም ሊንከን ድምፁን ቆጠረ፤ እሱ ቢገፋበት የባርነቱ ሕግ ተቃዋሚ ያልሆነ ሰው ሊያሸንፍ ነው። ደጋፊዎቹን ወደ ትረምቡል ሂዱ አላቸው። ትረምቡል ተመረጠ። የቫንዳሊያው ቆጣሪ ከተማ ለማዛወር የተማረውን ስሌት ራሱን ለመቀነስ ተጠቀመበት።

በ1858 እንደገና ለሴኔት ከዳግላስ ጋር ተፋለመ፤ በጃንዋሪ 1859 የግዛቱ ምክር ቤት 54 ለ 46 ዳግላስን መረጠ። በ1860 ግን ዳግላስን ጨምሮ ሦስት ተፎካካሪዎችን አሸንፎ ፕሬዚዳንት ሆነ። ለዚያ ቅስቀሳ ራሱ በጻፈው አጭር የሕይወት ታሪክ ውስጥ ያንን የ1837ቱን ተቃውሞ አስገብቶታል፤ አቋሜ ያኔም ይህ ነበር ለማለት።

እነሆ፣ አንቱ የምንልበት ጊዜ ደረሰ። ፕሬዚዳንት ሊንከን በጦርነቱ መጨረሻ ባርነትን በመላ አገሪቱ የሚያስቀረውን 13ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለማሳለፍ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋቸው ነበር። በ1864 ታችኛው ምክር ቤት አላሳለፈውም። እሳቸውና ረዳቶቻቸው የሚያመነቱትን ዴሞክራቶች አንድ በአንድ ያዙ፤ ለምነው፣ አሳምነው፣ ሹመትም ቃል ገብተው። በጃንዋሪ 31 ቀን 1865 በ119 ለ 56 አለፈ። ይህ የድርድር ጥበብ ከሰማይ አልወረደላቸውም፤ የተማሩት ቫንዳሊያ ውስጥ ነው።

ማሻሻያው በግዛቶች መጽደቅ ነበረበት። ቀድማ ያጸደቀችው ግዛት ኢሊኖይ ነች፤ በማግስቱ፣ ፌብሩዋሪ 1። በዚያው ወር ጥቁሮችን የሚያገልሉ የራሷን ሕጎች ሻረች። ከ28 ዓመት በፊት 77 ለ 6 የወሰነው ምክር ቤት ነው ይህን ያደረገው፤ ዘጠኙ ረጃጅሞች ባመጧት ከተማ ውስጥ ተሰብስቦ።

ሊንከን ከሦስት ወር ያነሰ ጊዜ ነው የቀራቸው። በኤፕሪል 14 ተመተው በማግስቱ ሞቱ። አስከሬናቸው በባቡር ስፕሪንግፊልድ ሲገባ ያረፈው በግዛቱ ምክር ቤት አዳራሽ ነው፤ በሜይ 3 እና 4 ሕዝቡ እየተሰለፈ ተሰናበታቸው።

ብዙዎቻችን ዓይናችን ላይኛው ወንበር ላይ ነው። ማን ፕሬዚዳንት ሆነ፣ ማን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ስሙን እንኳ የማናውቀው የአካባቢያችን ተወካይ በየትኛው ውሳኔ እጁን እንዳወጣ የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? የቫንዳሊያው ቃለ ጉባኤ ግን ሁለቱንም ይዟል፤ ግዛቱን ዕዳ ውስጥ የከተተውን ድምፅም፣ ከስድስቱ አንዱ የሆነውንም። ሁለቱንም ሲሰጥ ገና ማንም አያውቀውም ነበር።